አይነ ስውር ሆኖ ውጭ አገር መማር፦ ከአዲስ አበባ እስከ ክላስ ወንበር ድረስ፣ በዝርዝር

በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ሰው በቴሌግራም ይጽፍልኛል። "ወንድሜ እኔም አይነ ስውር ነኝ፣ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ፣ ከየት ልጀምር?" ነው ነገሩ። ለእያንዳንዱ በቮይስ ስመልስ ጉሮሮዬ ስለደረቀ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ይሄን። እኔ የተማርኩት አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስለሆነ አብዛኛው የዛው ነው፣ እንግሊዝና ጀርመን ያሉ ጓደኞቼ የነገሩኝንም ቦታው ሲደርስ እጨምራለሁ። መስማት ለተሳናችሁም ወደ መጨረሻው ትንሽ ነገር አለ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ አገር አይነ ስውር የሚማረው በሰው ነው። ሀንዳውት ጓደኛ ያነብልናል፣ ፈተና ላይ አንባቢ ይመደብልናል፣ አስፋልት ስንደርስ የማናውቀው ሰው እጃችንን ይዞ ያሻግረናል፣ አንዳንዴ መሻገር ሳንፈልግ ሁሉ። እዛ ይሄ የለም። እዛ ያለው ቢሮና ኢሜይል ነው፣ ቢሮው ደግሞ ካልጠየቃችሁት ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። እኔ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያበላሸሁት መጠየቅ አፍሬ ነው፣ ስለዚ ከታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ማንን፣ መቼና እንዴት እንደምትጠይቁ ነው።

አንድ አመት ሲቀራችሁ፦ ኬን እና ኮምፒውተር

እውነቱን ልናገር፣ እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የጨረስኩት በጓደኛ ትከሻ ነው። ኬን (የአይነ ስውር ነጭ በትር) ነበረኝ፣ ግን ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፣ ኬን ዘርግታችሁ ታክሲ ስትጠብቁ አንዷ እናት መጥታ "እግዜር ይርዳህ ልጄ" ብላ ሳንቲም እጃችሁ ላይ ታስቀምጣለች፣ ደረት ኪሳችሁ ውስጥ እስክሪብቶና የተማሪ መታወቂያ እያለ። እፍረቱ ይገባኛል። ግን ውጭ ስትሄዱ ያ ትከሻ አብሯችሁ አይሄድም።

ስለዚ አሁኑኑ ኬናችሁን አውጡ። ቁመቱ ቢያንስ ደረታችሁ መሀል ይድረስ። ስትሄዱ ከትከሻችሁ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙት፣ ቀኝ እግር ሲቀድም የኬኑ ጫፍ ግራ ይሁን፣ ግራ እግር ሲቀድም ቀኝ፣ ማለትም ኬኑ ሁሌም የሚቀጥለው እግር የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይነካዋል። መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ በሳምንት ውስጥ ራሱ ይመጣል። በሳምንት አንድ መንገድ ለብቻችሁ ሂዱ፣ ለምሳሌ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ። ትጠፋላችሁ፣ ጥፉ፣ ጠይቃችሁ ተመለሱ። እዚህ ጉድጓድና ኮብልስቶን የለመደ ሰው እዛ የእግረኛ መንገድ ላይ ይንሸራሸራል። የኬን ጫፍ ግን ኮብልስቶን ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ሁለት ትርፍ ያዙ። አሜሪካ ከገባችሁ በኋላ ናሽናል ፌደሬሽን ኦፍ ዘ ብላይንድ የሚባለው ማህበር እዛ ለሚኖር አይነ ስውር በነጻ ኬን ይልካል፣ በየ6 ወሩ መጠየቅ ይቻላል።

ኮምፒውተሩ ላይ ብዙዎቻችን ክራክ የተደረገ ጃውስ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምጽ የሚያነብ ስክሪን ሪደር) ነው የለመድነው። ባይሆን አሁን ኤንቪዲኤ የሚባለውን ሌላ ስክሪን ሪደር ልመዱ፣ ነጻ ነው፣ አብሮት ባለው ኢስፒክ ድምጽ አማርኛም ያነባል (ድምጹ ጉንፋን የያዘው ሮቦት ይመስላል ግን ያነባል)። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ጃውስ ላይሰንስ ያለው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ጋር ነው። ዋናው ነገር ዌብሳይትን በታብ ብቻ መጎተት ማቆም ነው። ኪቦርዱ ላይ በኤች ከርዕስ ርዕስ፣ በኬ ከሊንክ ሊንክ፣ በኤፍ ፎርም መሙያ፣ በቲ ሰንጠረዥ መዝለል እጃችሁ ውስጥ ይግባ። የአፕሊኬሽን ፎርሞች ሀያ ገጽ ናቸው፣ በታብ ከሄዳችሁ ገና ሶስተኛው ገጽ ላይ ትተዋላችሁ።

ብሬልንም አትጣሉ። "አሁን ሁሉም ድምጽ ነው" የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ፕረዘንቴሽን ስታቀርቡ ጆሮ ውስጥ የሚያወራ ኮምፒውተር ይዛችሁ መናገር ሲያቅታችሁ ታዩታላችሁ።

ትምህርት ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ዲሳቢሊቲ ቢሮውን አናግሩት

ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው። ሰው ዩኒቨርሲቲ የሚመርጠው በስሙ ነው። እናንተ ስም ከማየታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ዲሳቢሊቲ ቢሮ (አካል ጉዳተኛ ተማሪን የሚያግዘውን) ኢሜይል ፈልጉና አጭር መልእክት ላኩ፦ አይነ ስውር ነኝ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ይሄን ዲፓርትመንት ነው የማመለክተው፣ መጽሐፍ በምን መልክና ስንት ሳምንት ቀድማችሁ ትሰጣላችሁ? ግራፍና ካርታ በእጅ የሚዳሰስ ታደርጋላችሁ? ግቢውን የሚያስተምር የሞቢሊቲ አሰልጣኝ አለ ወይስ እኔ ነኝ የምፈልገው? ወጪውን ማን ይሸፍናል? በቃ።

መልሱ ራሱ ፈተናቸው ነው። ለሶስት ትምህርት ቤት ነበር የጻፍኩት። አንዱ ጭራሽ አልመለሰም፣ አንዱ "እንኳን ደህና መጡ፣ ለሁሉም ክፍት ነን" የሚል ቆንጆ ባዶ ደብዳቤ ላከ፣ ሶስተኛው ላይ ያለችው ሴትዮ ደግሞ "የትኛውን ስክሪን ሪደር ነው የምትጠቀመው? ብሬል ታነባለህ? ስታትስቲክስ ኮርስ ስላለብህ ቀድመን እንነጋገር" አለች። የትኛው ጋር እንደሄድኩ መናገር አያስፈልግም።

ህጉን በጥቂቱ እወቁት። አሜሪካ ውስጥ የ1973ቱ የሪሃቢሊቴሽን ህግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ህግ ዩኒቨርሲቲዎችን ያስገድዳሉ፣ የውጭ ተማሪም ይሁን የአገሬው ልዩነት የለውም፣ ወጪው የትምህርት ቤቱ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። እንግሊዝ ደግሞ የ2010ሩ የእኩልነት ህግ አለ፣ ግን እዛ መንግስት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚሰጠው አበል ለውጭ ተማሪ አይሰጥም፣ ስለዚ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ምን እንደሚሸፍን በጽሁፍ አስልኩ። ጀርመንን የምታስቡ ማርቡርግ የምትባል ከተማን ስም ያዙ። ትንሽ ከተማ ናት ግን ከ1916 ጀምሮ የአይነ ስውራን ትምህርት ተቋም ያለባት፣ ዩኒቨርሲቲዋም ብዙ አይነ ስውር ተማሪ ማስተማር የለመደ፣ ባለሱቁ ሁሉ ኬን የለመደ ነው ይላል እዛ የነበረው ጓደኛዬ።

ስኮላርሺፕ

ሁሉንም አልዘረዝርም፣ አካል ጉዳትን አስበው ብር የመደቡትን ብቻ። ዳአድ የሚባለው የጀርመን ስኮላርሺፕ ሰጪ ከአካል ጉዳት ጋር ለሚመጣ ተጨማሪ ወጪ ድጋፍ አለው። የአውሮፓ ህብረቱ ኢራስመስ ሙንደስ ማስተርስ በወር 1400 ዩሮ ይከፍላል፣ ከዛ በላይ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ለብቻው የሚጠየቅ ተጨማሪ ገንዘብ አለ፣ ግን የሚጠየቀው በኮርሱ አስተባባሪዎች በኩል ስለሆነ ካልነገራችኋቸው አያውቁም። የእንግሊዝ መንግስት የሚሰጠው ቼቭኒንግ የ1 አመት ማስተርስ ነው፣ የ2 አመት የስራ ልምድ ይፈልጋል፣ ስትጨርሱም 2 አመት አገር ቤት መመለስ አለ። የአሜሪካ መንግስት የሚሰጠው ፉልብራይትም አለ። ወደ አሜሪካ ለምታስቡ ኦሪገን ውስጥ ሞቢሊቲ ኢንተርናሽናል የሚባል ከ1981 ጀምሮ አካል ጉዳተኞችን ውጭ ልኮ በማስተማር ላይ የሚሰራ ድርጅት አለ፣ ጽሁፎቻቸው ለማንበብ ይጠቅማሉ።

ድርሰቱ ላይ አይነ ስውርነታችሁን ጻፉ ወይስ አትጻፉ የሚለው ሁሌ ያከራክራል። እኔ ጻፉ ባይ ነኝ፣ ግን አንድ አንቀጽ። እኛ ጋር የለመድነው የለቅሶ ድርሰት አለ፣ በልጅነቴ በህመም ምክንያት አይኔን አጥቼ፣ ወላጆቼ አልቅሰው፣ ምናምን። እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት ምን ሰራህ የሚለውን ነው። አንዱ የማውቀው ልጅ ጨለማ ምናምን የሚል ግጥም የመሰለ መግቢያውን ሰርዞ "ዲፓርትመንታችን ውስጥ ሀንዳውት በድምጽ የሚቀዳ የ12 ተማሪ ቡድን አቋቋምኩ" ብሎ ጀመረው፣ ተጠራ።

የእንግሊዝኛ ፈተና፣ እዚህ ጋ ጊዜ ይበላችኋል

ቶፍልም አይልትስም ለአይነ ስውር ማስተካከያ አላቸው፦ ተጨማሪ ሰአት፣ ስክሪን ሪደር፣ ብሬል ወረቀት፣ ትልቅ ፊደል፣ አንባቢ። ስህተቱ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቶፍል ላይ መጀመሪያ ማስተካከያውን ትጠይቃላችሁ፣ ይጸድቃል፣ ከዛ ነው ቀን የምትይዙት። ቀን ይዛችሁ ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ "አይነ ስውር ነኝ" ካላችሁ ብሩም ቀኑም ሊቃጠል ይችላል። አይልትስ በብሬል ወይም በትልቅ ፊደል የምትፈልጉ ከሆነ ለፈተና ጣቢያው 3 ወር ቀድማችሁ ማሳወቅ አለባችሁ፣ አዲስ አበባ ብሪቲሽ ካውንስልን ነው የምታናግሩት። ስለዚ ማመልከቻው የሚዘጋው ታህሳስ ከሆነ እናንተ ክረምት ላይ ነው መጀመር ያለባችሁ።

ለሁሉም የምትጠየቁት የሀኪም ወረቀት ነው። ምኒልክ ሆስፒታል አይን ክፍል ወይም ሌላ የአይን ሀኪም ጋ ሂዱና በእንግሊዝኛ፣ በማህተም አስጽፉ። "ታካሚው አያይም" የሚል አንድ መስመር ወረቀት አይበቃም። የህመሙ ስም፣ የሁለቱም አይን የማየት መጠን በቁጥር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና እንደማይለወጥ፣ ከዛም ፈተና ላይ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ይጻፍ። ሀኪሙ ስራ በዝቶበት ሊቸኩል ይችላል፣ የሚፈለጉትን ነጥቦች አስጽፋችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ራሱ ደስ ይለዋል። 5 ኦሪጅናል ያዙ፣ ለፈተናው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለስኮላርሺፑ ደግማችሁ ትፈልጉታላችሁና።

ቪዛ

የአሜሪካውን ነው የማውቀው። አይ-20 (ትምህርት ቤቱ እንደተቀበላችሁ የሚያሳየው ፎርም) ከትምህርት ቤቱ ሲመጣ የሴቪስ (የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ) 350 ዶላር ይከፈላል፣ ከዛ ዲኤስ-160 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ይሞላል። ፎርሙ 20 ደቂቃ ያህል ዝም ካላችሁት ይዘጋል፣ በስክሪን ሪደር ደግሞ አንዱ ገጽ ብቻውን 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ስለዚ የአፕሊኬሽን ቁጥሩን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ጻፉት፣ በየገጹ ሴቭ አድርጉ። ብዙ ሰው ተሳስቶ የሚሞላው አንድ ጥያቄ አለ፣ ለራስህ ወይም ለሌላ ሰው ደህንነት አደጋ የሚሆን የአካል ወይም የአእምሮ ችግር አለብህ ወይ የሚል። አይነ ስውርነት ለማንም አደጋ አይደለም። መልሱ "የለም" ነው። ኢንተርኔት ቤት የሚሞላላችሁ ልጅ እናንተን አይቶ "አዎ" እንዳያደርግባችሁ አጠገቡ ሁናችሁ ጥያቄውን አስነብቡት።

ኢንተርቪው ቀን ኤምባሲው ውስጥ ስልክ አይገባም። ማለትም ካሜራችሁም፣ አንባቢ አፓችሁም፣ ብሬል ማሽናችሁም ውጭ ቀረ። እኔ ያደረኩት ይሄን ነው፦ አምስት ፋይል ገዛሁ፣ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ የብሬል ፊደል የተጻፈበት ወፍራም ወረቀት ለጠፍኩ፣ ፓ ለፓስፖርት፣ አይ ለአይ-20፣ ትራ ለትራንስክሪፕት፣ እንዲህ እያልኩ። መስኮቱ ስር ያለው ክፍተት ዝቅ ያለና ጠባብ ነው፣ መስታወት ጀርባ ያለው ሰውዬ በስፒከር "ትራንስክሪፕት" ሲል ጣቴን አንዴ አሳለፍኩና አወጣሁለት። ትንሽ ዝም አለና "እንዴት አወቅከው?" አለኝ። ኢንተርቪው ግማሹ ስለ ብሬል አለቀ። ብሬል የማታነቡ በስቴፕለር ብዛት ምልክት አድርጉ፣ አንድ ስቴፕል፣ ሁለት ስቴፕል። የጣት አሻራ ላይ ማሽኑ የት እንዳለ ካልነገሯችሁ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ጠረጴዛውን አትዳብሱ።

በረራ

ቲኬት ስትቆርጡ አየር መንገዱ አይነ ስውር ተሳፋሪ እንደሆናችሁ ቡኪንጉ ላይ ያስገባ፣ ቢ ኤል ኤን ዲ የሚል ባለ አራት ፊደል ኮድ አለ፣ ስሙን ስትጠሩላቸው ነገሩ ይፈጥናል። በአውሮፓ የምታልፉ ከሆነ ቢያንስ 48 ሰአት ቀድሞ መታወቅ አለበት።

አሁን ስለ ዊልቸር። የትም ኤርፖርት ብትሄዱ ዊልቸር ነው የሚመጣላችሁ። እግራችሁ ምንም አልሆነም፣ ግን ይመጣል። "አመሰግናለሁ፣ እራመዳለሁ፣ ክንድህን ብቻ ስጠኝ" በሉ፣ በትህትና ግን ሳትለሳለሱ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ይሉኝታ ይዞኝ ተቀመጥኩ፣ ትራንዚት ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ገፍተው አስቀመጡኝና ሄዱ፣ ሶስት ሰአት፣ ሽንት ቤት የት እንደሆነ እንኳን የማላውቅበት ቦታ፣ በመጨረሻ ስሜን በስፒከር ሲጠሩ ነው ተነስቼ የጮህኩት። ከዛ ወዲህ የሚረዳኝ ሰው ሳይሄድ ሶስት ነገር እጠይቀዋለሁ፣ ስምህ ማነው፣ የት ጌት አጠገብ ነን፣ በስንት ሰአት ትመለሳለህ።

አውሮፕላን ውስጥ ከወንበራችሁ እስከ መውጫውና እስከ ሽንት ቤቱ ስንት ወንበር እንዳለ ሆስተሷን ጠይቃችሁ በእጅ ቁጠሩ። ኬናችሁን ከላይ ላስቀምጥልህ ካሉ ወንበር ስር ወይም በመስኮቱ በኩል እንደሚሆን ንገሯቸው፣ በአሜሪካ ህግ አጠገባችሁ የማቆየት መብት አላችሁ። ሻንጣችሁ እጀታ ላይ የሚዳሰስ ነገር እሰሩ፣ እናቴ ከአሮጌ ጋቢ ጥለት ቀድዳ አሰረችልኝ፣ ሰውም "ባለ ጥለቱ" ሲባል ወዲያው ያገኘዋል። አይ-20ና የሀኪም ወረቀት በእጅ ቦርሳ፣ በምንም ተአምር ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

የተማሪ ቪዛ ትምህርት ከመጀመሩ እስከ 30 ቀን ቀድሞ መግባት ይፈቅዳል። ተጠቀሙበት። ግቢውን ሙሉ ለመልመድ አትሞክሩ፣ አራት መንገድ ብቻ፦ ከዶርም ክላስ፣ ከዶርም ምግብ ቤት፣ ከዶርም ዲሳቢሊቲ ቢሮ፣ ከዶርም አውቶቡስ። ሌላው ራሱ ይመጣል።

መንገድ ማቋረጥ መጀመሪያ ያስፈራል፣ ምክንያቱም እኛ የለመድነው መኪናውን ሰምቶ፣ ሰው ይዞ መሮጥ ነው። እዛ ብዙ መስቀለኛ መንገድ ላይ ምሰሶ አለ፣ ቀስ እያለ ቲክ ቲክ ይላል፣ ድምጹን ተከትላችሁ ሄዳችሁ ስትዳስሱ ወደ ላይ የወጣ ቀስት ያለው ቁልፍ ታገኛላችሁ። ቀስቱ የምትሻገሩበትን አቅጣጫ ያሳያል። ተጫኑት፣ ተራችሁ ሲደርስ ቀስቱ ጣታችሁ ስር ይንቀጠቀጣል። እኔ የመጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ ተንቀጥቅጦ አራቴም ቆምኩ፣ አምስተኛው ላይ ነው የተሻገርኩት። የሚዞር መኪና ስላለ ግን ቢንቀጠቀጥም ጆሯችሁን አትዝጉ። ሜትሮ (የዲሲ የከተማ ባቡር) ላይ የመድረኩ ጫፍ ከእግር ስር እብጥ እብጥ ያለ ንጣፍ አለው፣ እሱን በእግራችሁ ከነካችሁ ቁሙ። ለአካል ጉዳተኛ ቅናሽ ካርድ አለ፣ ከቤት የሚወስድ ሜትሮአክሰስም አለ፣ ሁለቱም የሀኪም ወረቀት ይፈልጋሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አመልክቱ።

ዶላር ሁሉም ኖት አንድ መጠን ነው፣ ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ስልካችሁ ላይ ብር የሚለይ አፕ ጫኑ፣ ከዛ አጥፋችሁ ያዙ፣ 1 ዝርግ፣ 5 እንዲያጥር ታጥፎ፣ 10 በርዝመቱ ታጥፎ፣ 20 ሁለቴ ታጥፎ። የዶርሙ ማይክሮዌቭና ልብስ ማጠቢያ ቁልፋቸው ልሙጥ መስታወት ነው፣ የሚለጠፍ ጉብ ያለ ነጠብጣብ ይሸጣል፣ ሁለት ቁልፍ ላይ ብቻ ለጥፉ።

ክላስ

ዲሳቢሊቲ ቢሮው ሲመዘግባችሁ ለአስተማሪዎች የሚሄድ ደብዳቤ ይሰጣችኋል። በየሴሚስተሩ እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት፣ ባለፈው ሰጥተውኛል ብሎ መተኛት የለም። ሲላበሱ (የኮርሱ ዝርዝር እቅድ) ገና ሳይወጣ ለአስተማሪው ጻፉለት፣ የመጽሐፉን ስም ብቻ ስጠኝ በሉት፣ ምክንያቱም መጽሐፍ ወደሚነበብ ፋይል መቀየር ሳምንታት ይወስዳል። ከመጀመሪያው ኮርሴ የተላከልኝ ፒዲኤፍ ሲከፈት ስክሪን ሪደሩ "ብላንክ፣ ብላንክ" (ባዶ፣ ባዶ) ብቻ ነው ያለኝ፣ ለካ ጽሁፍ ሳይሆን ሰላሳ ገጽ ፎቶ ነው። ኮምፒውተሬ ነው ብዬ ሶስት ቀን ታገልኩ። ችግሩ የእናንተ አይደለም፣ በዛው ቀን ለቢሮው ፎርዋርድ አድርጉ። ቡክሼር የሚባለው ላይብረሪ አሜሪካ ውስጥ ለሚማር አይነ ስውር ነጻ ነው፣ ከሚሊዮን በላይ መጽሐፍ አለው፣ መጀመሪያ እዛ ፈልጉ።

ፈተና በተጨማሪ ሰአት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ክፍል ስለሆነ ቀን ቀድሞ ይያዛል፣ ረስታችሁ ከመጣችሁ ቦታ የለም ትባላላችሁ። ሌላው፣ ኮርስ ከበዳችሁ ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትጥሉ። የተማሪ ቪዛ ሙሉ ጭነት ይጠይቃል፣ ለባችለር 12 ክሬዲት ነው። መቀነስ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ የኢንተርናሽናል ቢሮውን ፈቃድ ካላገኛችሁ ቪዛችሁ ይበላሻል። አብራኝ የገባች ልጅ ስታትስቲክሱን ለመጣል አንድ ክሊክ ሲቀራት ነው የያዝናት።

መስማት ለተሳናችሁ

ዋሽንግተን ውስጥ ጋላዴት ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ከ1864 ጀምሮ መስማት ለተሳናቸው የቆመ፣ ትምህርቱ በምልክት ቋንቋና በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና የአሜሪካው አንድ አይደሉም፣ ስለዚ ቀድማችሁ በቪዲዮ ጀምሩ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሄዳችሁ አስተርጓሚ ወይም ንግግሩን እየሰማ በጽሁፍ የሚያወጣ ሰው ትጠይቃላችሁ፣ ከፋዩ ትምህርት ቤቱ ነው። በረራ ላይም የጌት ለውጥ በስፒከር ስለሚነገር በጽሁፍ እንዲነግሯችሁ ቀድማችሁ አሳውቁ። የእንግሊዝኛ ፈተናው ላይ የሊስኒንግ ክፍሉን ነገር ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

ስለ ሀበሻው

ዲሲ አካባቢ ሀበሻ ሞልቷል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሽሮ ያበላኝ የማላውቀው ቤተሰብ ነው። ግን ተዘጋጁ፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት እናት እጃችሁን ይዘው "ጸበል ሞክረሃል ልጄ?" ይላሉ፣ ሌላው "ማን አብሮህ መጣ?" ይላል፣ ብቻዬን ስትሉ "ውይ!" ይላል። አትናደዱ። እኔ አሁን "ጸበሉንም ሞክሬያለሁ እማማ፣ አሁን የቸገረኝ የስታትስቲክስ ፈተና ነው፣ ለሱ ይጸልዩልኝ" ነው የምላቸው። ይስቃሉ፣ ከዛ ምግብ ቋጥረው ይሰጡኛል።